ጠቅ ብላ ዝም ያለች ኮሮላ

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ቁልፍ ይዞራል፣ ከኮፈኑ ስር አንድ ጊዜ «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ዳሽቦርዱ በርቷል። ሬዲዮው ያወራል። ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም። እንደገና ይዞራል፤ ጠቅ። አሁንም፤ ጠቅ። ይሄኔ ከኋላ ያለው ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል።

ከጡሩምባው ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ነው። አዳማ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ ብቻውን ሲቆም ያየሁት ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ወርዶ ይመጣል። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠጋል። ጀበና ቡና ላይ የነበሩት ስኒያቸውን ይዘው ይነሳሉ። የሚመጡት ለመርዳት ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ችግሩ ሌላ ነው። ሁሉም የሚመረምረው የራሱን መኪና ታሪክ ይዞ ነው። በቅርቡ ባትሪ የቀየረው «ባትሪ ነው» ይላል። ሞተሪኖ፣ ያም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ፣ ያስጠገነው «ሞተሪኖ ነው» ይላል። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ የተገኘበት ደግሞ ታንከሩን ይጠረጥራል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ስለ መኪና የማውቀው፣ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ጋራዥ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ነው። ኮሮላዋም የእሱ ነበረች። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ገዛት፤ አሁን እኔ እነዳታለሁ። ማርሿ በእጅ ነው፤ መስኮቷም በእጅ ነው። ሰው «ለምን አትሸጫትም?» ይለኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ቀንሷል። የሚደውልልኝ ደላላ በዝቷል።

ፖስታ ቤት አካባቢ ነው ጠቅ ብላ የቀረችው። ከፋርማሲ የእናቴን መድኃኒት ይዤ ወጥቼ ነበር።

«እህቴ፣ ባትሪሽ ሞቷል» አለኝ አንዱ፤ ኮፈኑ ገና አልተከፈተም።

«ኧረ ሞተሪኖ ነው፤ ድምፁን አልሰማህም እንዴ?» አለው ሌላው።

«ቆይ፣ ቤንዚን ግን አላት?»

አንደኛው ባትሪ የሚሸጥ ዘመድ አለው። ስልኩን አውጥቶ ሊደውልለት ነው።

የቤንዚኑን ነገር ቶሎ ልዝጋው። ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ካለ ቤንዚን፣ ካንዴላ፣ ፖምፓ ሁሉ ይጠየቃሉ። ጭራሽ ካልዞረ ግን የእነሱ ተራ ገና አልደረሰም። ጠቅ ብላ የቀረች መኪና ችግሯ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ተይዞ ይሆናል። ይህን ማወቅ ብቻ ግማሹን ክርክር ይዘጋል።

ቀሪውን ግማሽ የሚዘጋው የፊት መብራት ነው። አባቴ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረግሁ። መብራቱን አበራሁና አንዱን ልጅ «ፊት ለፊት ቁምና መብራቱ ምን እንደሚሆን ንገረኝ» አልኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ።

«ምንም አልሆነም፤ እንዳለ ነው።»

«አልደከመም?»

«አልደከመም አልኩሽ።»

ባትሪ ነው ያለው ሰውዬ ይህ መልስ አልተመቸውም። ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ሞተሪኖ በመኪና ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ በላተኛው ነው። እንደ ኮሮላ ያለች ትንሽ መኪና ሞተሯን ለማዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ትጠይቃለች። ይህን ያህል ከረንት ከባትሪው ሲወጣ መብራቱ ሳይደክም አይቀርም። ጤነኛ ባትሪ ላይም ትንሽ ይደክማል። ባትሪው ከሞተ ወይም ገመዱ ባትሪው ላይ የሚያዝበት ማሰሪያ ከላላ ደግሞ መብራቱ ጭልም ይላል፤ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ግን ባትሪው የሚሰጠውን የሚቀበል የለም ማለት ነው። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ባትሪ ብገዛ ኖሮ አዲሱም እዚያው ተቀምጦ፣ መብራቱን ቦግ አድርጎ፣ ጠቅ ይል ነበር።

አባቴ የሚያምናቸው አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። ደወልኩላቸው።

«ስንት ጊዜ ጠቅ አለች?»

«አንዴ ብቻ፣ ጋሼ።»

«ወፍራም ድምፅ ነው ቀጭን?»

«ወፍራም። ከታች ነው የሚመጣው።»

«መብራቱስ?»

«አልደከመም።»

«በይ ባትሪ እንዳትገዢ። ገፍተው ያስነሱልሽና ይዘሻት ነይ።»

ባትሪና ሞተሪኖ ሲሉ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ገፉኝ። ቁልፉ ክፍት፣ ማርሹ ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ የተረገጠ። ትንሽ ስትፈጥን ለቀቅ አደረግሁት፤ ነጠቅ ብላ ተነሳች። ይህ የሚሠራው ማርሹ በእጅ ለሆነ መኪና ነው። አውቶማቲክ የያዛችሁ ሰው አታድክሙ።

ጋሼ የጠየቁኝን ጥያቄ ረጋ ብዬ ላብራራው፤ ምክንያቱም ምርመራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጠቅ የሚለው ሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተቀመጠው ሶሎኖይድ ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ቤንዲክስ የሚባለውን የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ጥርስ ጋር ያገጣጥመዋል። ሁለተኛ፣ ውስጡ ያሉትን ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች በአንድ የመዳብ ሳህን ያገናኛል። ያኔ ነው ትልቁ ከረንት ወደ ሞተሪኖው የሚያልፈው። ቁልፋችን ራሱ ያን ከረንት አይችለውም። የቁልፉ ሥራ በቀጭን ገመድ ሶሎኖይዱን መቀስቀስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምንም ድምፅ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ቀጭኑ ገመድ ይሄዳል። ቁልፉ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ አላስነሳም የሚለው ስዊች። ከዳሽቦርድ አካባቢ ቀጭን ጠቅታ ብቻ ከተሰማ ሪሌው ሠርቷል፤ ትእዛዙ ግን ታች አልደረሰም። ጋሼ ወፍራም ነው ቀጭን ያሉኝ ለዚህ ነው።

ጠቅታው እንደ መትረየስ ከሆነስ? ጠጠጠጠጠ የሚለው? ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ወይም ማሰሪያ ነው። ሶሎኖይዱ ለመሳብ ትንሽ ከረንት ይበቃዋል፤ ይስባል። ኮንታክቶቹ ሲገናኙ ሞተሪኖው ብዙ ይጠይቃል። የደከመው ባትሪ ቮልቱ ዘጭ ይላል። ሶሎኖይዱ አቅም አጥቶ ይለቃል። ሲለቅ ቮልቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይስባል። በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመላለሳል። ይህን ድምፅ ሰምቶ «ባትሪ ነው» ያለ ሰው ብዙም አይሳሳትም። ቢሆንም ወደ ሱቅ ከመሮጡ በፊት ማሰሪያዎቹን ይያቸው።

አንድ ወፍራም ጠቅታ ከሰጠች ግን መብራቱን መጠየቅ ነው። መብራቱ ካልደከመ ከረንቱ አላለፈም። ወይ ኮንታክቶቹ ተበልተዋል፣ ወይ ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፈው የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል፣ ወይ ሽቦው ውስጡ ተቆርጧል። ባትሪውና ማሰሪያው ደህና ሆነው መብራቱ በጣም ደክሞ አንድ ጠቅታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖው እየገፋ ነው፤ የሚገፋው ነገር ግን እንቢ ብሎታል። ይህ ሲሆን ያስፈራል። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉን መደጋገም ትቶ፣ ሞተሩን በትልቅ መፍቻ በእጅ ለማዞር መሞከር ነው። እሺ ብሎ ከዞረ እፎይ ነው፤ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው።

የጋሼ ጋራዥ የምትባለው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ አንድ ጎማ ላይ የተቀመጠ ረዳት ናት። ከዋናው መንገድ ብዙ አትርቅም፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ተሳቢዎች ሲያልፉ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ዳዶዎች ይንቀጠቀጣሉ። ስደርስ አቧራው በነፋስ ተነስቶ ነበር። አዳማ ነፋስ አያጣም፤ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎችም በከንቱ አልቆሙም።

ረዳቱ አምፖሏን ይዞ መጣ። የመኪና አምፖል ናት፤ ሁለት ሽቦ ተበይዶባታል። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ትልቅ ቡሎን ላይ ነካ አደረገ። አምፖሏ ቦግ አለች። «ከረንት ይደርሳል» አለ ልጁ።

ጋሼ መልቲሜትራቸውን ከመሳቢያ አወጡ። «አምፖል ከረንት መኖሩን ይነግርሃል፤ መብቃቱን አይነግርህም» አሉት።

እዚህ ላይ ሒሳብ አስተማሪነቴን ታገሱልኝ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ገመድ ውስጥ አብዛኛው ክር ተበጥሶ ጥቂቱ ብቻ ቀርቷል እንበል። ወይም ማሰሪያው ስር አረንጓዴ ዝገት ገብቷል። በዚህ የተነሳ 0.05 ኦም ተቃውሞ ተፈጠረ። ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ ተራ መልቲሜትር በትክክል አይለካውም። ትንሿ አምፖል ግማሽ አምፔር እንኳ አትበላም፤ ስለዚህ በዚህ ገመድ በኩል የምታጣው 0.02 ቮልት ገደማ ነው። ደምቃ ትበራለች። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ይፈልጋል። 150 በ0.05 ሲባዛ 7.5 ቮልት ነው። ከሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ላይ 7.5 ሲቀነስ ለሞተሪኖው የሚተርፈው 5.1 ቮልት ብቻ ይሆናል። በእርግጥ ያኔ ከረንቱም ስለሚወርድ ቁጥሩ ልክ እንደዚህ አይወጣም። ሞተሪኖው ግን አይዞርም። ጠቅ፤ አበቃ።

ስለዚህ መለካት ያለበት መኪናዋ ዝም ብላ ስትቆም ሳይሆን ቁልፉ ሲዞር ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ያዞራል፣ ሌላው ይለካል። በዚያች ሴኮንድ ባትሪው ላይ ከ9.6 ቮልት በላይ ካለ ባትሪው አያሳማም። ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ሲለካ ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ የለበትም። ከደረሰ ጥፋቱ የማሳው፣ ማለትም የኔጋቲቩ ገመድ ነው፤ ይፈታ፣ ይፋቅ፣ ይታሰር። መልቲሜትር የሌለው ሰውም መንገድ አለው። የባትሪ መበደሪያ ገመድ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር አያይዞ መሞከር ነው። ከተነሳች ጥፋተኛው ማሳ ነበር። ሌላም አለ፤ ደጋግሞ ከሞከሩ በኋላ ገመዱንና ማሰሪያውን በጥንቃቄ በእጅ መዳሰስ። ተቃውሞ ያለበት ቦታ ይሞቃል፤ አንዳንዴ እጅ ያቃጥላል።

ሞተር የሚቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ እንዳያንቀጠቅጠን። ከሻንሲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ያ ማሳ የሚባለው ገመድ ነው። በአሮጌ መኪና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ፖዘቲቩን ሁሉም ያጸዳል፤ ኔጋቲቩ ሞተሩ ላይ የታሰረበትን ቡሎን ግን ስንት ሰው ነክቶት ያውቃል? ጋሼ ይህን ሲያወሩ ይናደዳሉ። «ከረንት ሄዶ ካልተመለሰ ምን ዋጋ አለው!» ይላሉ።

የእኔን ለኩ። ባትሪው ቆሞ 12.5፣ ቁልፉ ሲዞር 12.3። አልወረደም ማለት ይቻላል። ማሳውም ደህና ነው። ከዚያ ሶሎኖይዱ ላይ ወዳሉት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ሄዱ። ከባትሪ የሚመጣው ላይ 12.3። ወደ ሞተሪኖው የሚገባው ላይ፣ ጠቅ ባለችበት ቅጽበት፣ ዜሮ።

«አገኘናት» አሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ረዳቱ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፤ ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም። ሞተሪኖውን አወረደው። የሶሎኖይዱ ክዳን ሲከፈት ጥቁር የመዳብ ዱቄት ረገፈ። ሁለቱ ኮንታክቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው ገና ወፍራም ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ ጎድጉዷል። ሁለተኛው ግን ጠርዙ እንደ ምላጭ ሳስቷል፤ ሳህኑ የሚያርፍበት ቦታ በብልጭታ ተበልቶ ወደ ታች ሸሽቷል። ጋሼ ሳህኑን በአውራ ጣታቸው ገፍተው አሳዩኝ። አንዱን ይነካል፤ ሌላውን ግን ሊነካው ወረቀት የምታህል ክፍተት ቀርታለች። ሶሎኖይዱ ሥራውን ጨርሶ ጠቅ ይላል። ከረንቱ ግን እዚያች ክፍተት ጋ ይቆማል።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ላይ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ምልክቱም ይለያል። ደጋግማችሁ ስትሞክሩ ጠቅ፣ ጠቅ ስትል ትቆይና ድንገት ምንም እንዳልሆነች ብድግ ትላለች። ሳህኑ ትንሽ ዞሮ ያልተበላው ጎኑ ገጥሞ ነው። ያኔ ሰው «ተሻላት» ይላል። አልተሻላትም።

ጥንድ ኮንታክት ከመለዋወጫ ሱቅ ተገዛ። ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ካርቦኖቹን ለኩ፤ ገና ናቸው። ቤንዲክሱን ጠርገው በትንሹ ግራሶ ቀቡት። ብዙ ቦታ ግን ሥራው እንዲህ አይሄድም። ሞተሪኖው እንዳለ ይቀየራል፤ «ኦሪጅናል» የተባለ ያገለገለ ሞተሪኖ ይገባል፤ የእሱ ኮንታክት ምን ያህል እንደተበላ ማንም አልከፈተም። አሮጌው ደግሞ ጋራዡ ጥግ ይቀመጥና ኮንታክት ተቀይሮለት ለሚቀጥለው ሰው ይሸጣል። በአሮጌ ዕቃ ንግድ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ አሮጌ መኪና የሚኖረው በእሱ ነው። የማልወደው ሳይለኩ መቀየርን ነው።

መዶሻውን ደግሞ አልረሳሁትም። «ሞተሪኖውን ኳ ኳ አድርጊው» የሚል ሰው በየትኛውም ከበባ ውስጥ አይጠፋም። ውሸት አይደለም። ካርቦኑ ተጣብቆ ከሆነ ሲመታ ይላቀቃል፤ መኪናውም ይነሳል። ግን በእንጨት እጀታ ቀስ ተብሎ ነው እንጂ እንደ ችካል አይመታም። አንዳንዱ ሞተሪኖ ውስጡ ማግኔት ነው፤ ማግኔቱ ከተሰነጠቀ ሌላ ጣጣ ነው። ደግሞ መዶሻው የሚያደርሰው እስከ ጋራዥ ነው። በመዶሻ ያስነሱትን መኪና ቤተሰብ ጭኖ ሶደሬ ይዞ መሄድ ድፍረት ነው።

ከመዶሻው የባሰው ካቻቪቴ ነው። ሁለቱን የሶሎኖይድ ቡሎኖች በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሳት የሚወዱ ልጆች አሉ። ብልጭታው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ሰው ላይ ይሄዳል። አይሞከር።

ባትሪን ከጥፋት ነጻ ያወጣሁ አይምሰላችሁ። አዳማ ላይ ባትሪ በእርግጥ ይሞታል፤ የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው። ብዙ ሰው ባትሪ የሚጎዳው በብርድ ይመስለዋል። ብርድ የደከመውን ባትሪ ጉድ ያወጣል እንጂ ያደከመው ሙቀቱ ነው። የባትሪ ሰዎች የሚጠቅሱት ግምታዊ ሕግ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ውስጡ ያለው ኬሚካል ይፈጥናል፣ ውሃው ይተናል፣ ሳህኖቹ ይበሰብሳሉ። ከሞተሩ ሙቀት ጋር ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ኮፈኗ ስር ምን እንዳለ አስቡት። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ያለው ሰው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይይ፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም።

ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ላይ ከደረሰ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከ12.6 እስከ 12 ያለው ርቀት ትንሽ ስለሚመስል «12 ቮልት አለው፤ ደህና ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ አልተርኔተሩ ባትሪውን አይሞላም፤ ስለዚህ አዲስ ባትሪ ቢገባም ሄዶ ሄዶ መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ ሰው የሚሰድበው ባትሪ ሻጩን ነው።

ማሰሪያው ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃ ይለቃል። አንዳንዱ ኮካ ያፈሳል፤ እሱም ይሠራል፤ ግን በኋላ በውሃ ይታጠብ፤ ስኳሩ አቧራ ይሰበስባል። ከሰው ባትሪ ሲበደሩ ደግሞ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይያያዛል። የኔጋቲቩ የመጨረሻ ጫፍ ከሞተው ባትሪ ራስ ላይ ሳይሆን ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ነው። ባትሪ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሃይድሮጅን ነው፤ ብልጭታ ይበቃዋል።

ሞተሪኖዋ እስክትጸዳ ድረስ ከጋሼ ጋር ሻይ ይዘን ስለ ማንዌላ አወራን። ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሞተሪኖ የሚባል ነገር መኪና ላይ አልተለመደም። ከፊት ለፊት ማንዌላ የሚባለውን ብረት ሰክቶ በክንድ ማዞር ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ ክንድ ይሰብራል፤ ስለዚህ አውራ ጣት ብረቱን እንዳይጠመጥም፣ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል እንዲሆን ይመከር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ካዲላክ ላይ የተገጠመው ለ1912 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። ጋሼ ማንዌላ ያለው የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። «ያኔ ጠቅ የሚባል ነገር የለም» አሉኝ። «የሚጮኸው የሰው ክንድ ነው።»

ረዳቱ ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን ኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ ሞተሪኖም የለው» አለ።

«12 ቮልት ባትሪ ግን አለው» አሉት። እውነታቸውን ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይንቀሳቀስም። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ደስታቸውን አልደበቁም። ሥራ አያጡም ማለት ነው።

ሞተሪኖዋ ተመልሳ ታሰረች። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሳትለማመጥ ተነሳች። ጋሼ ግን ኮፈኑን አልዘጉትም። በባትሪ መብራት ወደ ታች እያሳዩ ጠሩኝ። ሞተሪኖዋ በተቀመጠችበት በኩል የሞተሩ ጎን በሙሉ በዘይትና በአቧራ ጠቁሯል። ዘይቱ ከላይ ነው የሚወርደው፤ የቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ክዳን ጋስኬት ደርቋል። «ይሄ ካልተቀየረ ዘይቱ ሞተሪኖው ውስጥ ይገባና ካርቦኑን ያጨማልቀዋል። ያኔ ደግሞ መልሰሽ ትመጫለሽ።»

ጋስኬቱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቀጥረውኛል። ክዳኑ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ መኪናዋን በጠዋት አድርሼ በባጃጅ እመለሳለሁ።